ስለ ሣር ሜዳ አጠባበቅ በቀዝቃዛ የፀደይ ወራት

ሣር ተዘርቶ የሚታጨድ እህል ስላልሆነ ብዙ ሰው ጠባቂ የማያሻው ይመስለዋል። ነገር ግን ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ፈረስ የሚጋለብበትና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ እንደ እርሻ ወራቱ ታውቆ ካልተጠበቀ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይሆናል። አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትም፣ ሰፊ ግቢና መስክ በእጃቸው ያለ ሰዎችም ይህን ነገር ሊያውቁት የተገባ ነው፤ ይልቁንም ፀደዩ ከልማዱ ወጥቶ በቀዘቀዘ ዓመት።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነው በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ ከጉለሌ እስከ ጃን ሜዳ ያለው ደጋ ነው። ስሙን ከጃንሆይ ያገኘው ጃን ሜዳ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሠራዊት ሰልፍና የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ወርደው ያድሩበታል፤ በማግሥቱም የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚህ ሜዳ ተዛወረ። ክረምቱ ሲዘንብም መሬቱ በመኪናና በሰው እግር ተረግጦ ጭቃ ሆነ። ገበያው ተነሥቶ ሜዳው የተጸዳው ለጥር 2013 ዓ.ም. ጥምቀት ነው። ከዚህም ሣርን የሚያጠፋው ብርድና ፀሐይ ብቻ ሳይሆን፣ ሳያርፍ መረገጡ እንደ ሆነ ይታያል።

በበጋ የተረገጠ ሜዳ ቁስሉን የሚሽረው በፀደይ ነው፤ ይኸውም ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። በተራ ዓመት በዚህ ወራት መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሙቀት በቀን 24 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ የበልግም ዝናብ ስለሚጨመርበት ሰርዶው ሐረጉን ዘርግቶ የተራቆተውን ስፍራ ይሸፍናል። ሰርዶም ሆነ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ወጥቶ በብዙ አገር የተዛመተው የኪኩዩ ሣር ሙቀት ወዳድ ናቸው። የመሬቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሲወርድ የሰርዶ እድገት እጅግ ይዘገያል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀርብ ፈጽሞ ይቆማል። ስለዚህ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ በከረመና ሌሊት ሌሊት ብርዱ ከእንጦጦ በወረደ ዓመት ዝናብ ሳይጎድል ሣሩ ሳያድግ ይቀራል። ሜዳው ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁስሉ አልሻረም። አደጋው ሹሙ የወሩን ስም ቈጥሮ ሜዳውን እንደ ልማዱ መክፈቱ ነው።

በእንዲህ ያለ ዓመት ሊደረግ የሚገባው ሥራ ጥቂት ነው። መጀመሪያ፣ ሣሩን አሳጥሮ መቍረጥ አይገባም፤ ከቁመቱ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ብቻ በተሳለ ስለት ቈርጦ የቀረውን መተው ነው፤ ሣር ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነውና። ሁለተኛ፣ ውሃ የሚጠጣው መሬቱ ሲደርቅ ብቻ፣ ያውም በማለዳ ይሁን። ማታ የጠጣ መሬት ቀዝቅዞ ያድራል፤ ሻጋታም ያፈራል። ሦስተኛ፣ ሣሩ ማደግ ሳይጀምር ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሥሩ ያልወሰደውን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋልና። አራተኛ፣ ከፍ ባለ ደጋ አመዳይ በወረደበት ማለዳ ፀሐይ እስክታቀልጠው ድረስ ማንም አይርገጠው፤ የቀዘቀዘ ቅጠል ሲረገጥ ይሰበራልና። አምስተኛ፣ ሙቀቱ ሲመለስ የጠጠረውን መሬት በመንሽ አሥር ሳንቲሜትር ያህል እየወጉ አሸዋ መነስነስ፣ የተራቆተውንም ስፍራ በሰርዶ ሐረግ መትከል ነው።

ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ ሜዳዎች በብዙ ድካም የሚጠበቁ ናቸው፤ ኳሱ የሚገባበት ጕድጓድ ዙሪያ ሣሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ይቈረጣልና። ሆኖም ለጨዋታው እናት አገር በሆነችው በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው አሮጌው ሜዳ ከትልልቅ ውድድሮች በቀር እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋል። በ1900 ዓ.ም. ያረፈው ስመ ጥሩው ጠባቂው ቶም ሞሪስም የሚታወቀው ለሣሩ አሸዋ በመነስነሱና ለሜዳው ዕረፍት እንዲሰጠው በመሟገቱ ነው። የበለጸገ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ መሣሪያው ያነሰን ሜዳ ዕረፍት መንፈግ አይገባም።

ማረፉን ለማወቅም ብዙ ጥበብ አያስፈልግም። ማለዳ በሜዳው ጥቂት ተራምዶ በማግሥቱ መመልከት ነው። የተጫነው ሣር ቀና ካላለ ሜዳው ገና አልዳነምና አይከፈት። ቀና ብሎ አዲስ ቅጠል ካወጣ ግን በከፊል ሊከፈት ይቻላል። ሜዳውን በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ክፍል በየተራ አጥሮ ማሳረፍ ከሁሉ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን በአትክልተኛው እጅ ብቻ አይፈጸምም። ሣር ቈራጩ ሕዝብ አትርገጡ ሊል አይችልም፤ የሚችለው ሹሙ ነው። ትእዛዙም በድንገት አይሁን፤ ትምህርት ቤቶችና የስፖርት ማኅበራት አስቀድመው ይነገራቸው፤ ለልጆችም በዚያው ሰሞን የሚጫወቱበት ሌላ ስፍራ ይታሰብላቸው። ሌላ ስፍራ የሌለው ልጅ አጥሩን ቢዘልል በደሉ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል። እስከዚያ ሥር የሰደደ ሣር አፈሩን ይዞ ዝናቡን ይቀበላል፤ ራቁቱን የቀረ መሬት ግን በጎርፍ ይታጠባል፤ የጠፋውም አፈር በአንድ ፀደይ አይመለስም።