የአነስተኛ የእርዳታ አውሮፕላን ጎማ አመራረጥና አገጣጠም

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው ድርቅ ወቅት ሄርኩለስን የመሳሰሉ ታላላቅ አውሮፕላኖች ሊያርፉ ባልቻሉባቸው ደጋማ ሥፍራዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ይጥሉ እንደነበር ይታወሳል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛንም ሆነ የጤና ባለሙያን በዚህ መንገድ ማመላለስ አይቻልም። ለዚህ ተግባር በሣር ሜዳና በጠጠር መሬት ላይ የሚያርፍ አነስተኛ አውሮፕላን ያስፈልጋል። በሩቅ ሜዳ አንድ ጎማ ቢፈነዳ አውሮፕላኑ ከመቆሙም በላይ ሜዳው ለሌሎች ይዘጋል። ስለሆነም ጎማ እንደ ቀላል ዕቃ የሚታይ አይደለም።

በምርጫው ረገድ በመጀመሪያ የሚታየው መጠኑ ነው። በጎማው ላይ 6.00-6 ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ የኋለኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ለምሳሌ ሴስና 206 በዋና እግሮቹ ላይ ከ6.00-6 ሌላ 8.00-6 ጎማ ሊገጠምለት ይችላል። ሰፊው ጎማ በአነስተኛ የአየር ግፊት ስለሚሠራ ክብደቱን በሰፊ መሬት ላይ ያሳርፋል፤ በአሸዋና በጭቃም በቀላሉ አይሰምጥም። በአንጻሩ ክብደት ይጨምራል፤ የበረራውንም ፍጥነት ይቀንሳል። በመሆኑም ጎማው የሚመረጠው አውሮፕላኑ ከሚያርፍባቸው ሜዳዎች አስቸጋሪውን በመመልከት ሲሆን፣ ለዚያው አውሮፕላን የተፈቀደ መሆን አለበት። እንደ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ያው ቢያሳይም አውሮፕላኑ መሬት የሚነካው ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ተጨማሪ ፍጥነት መሆኑም መታሰብ ይገባዋል።

ወደ አገጣጠሙ ስንመጣ፣ የቸርኬውን ሁለት ግማሾች የሚያያይዙት ብሎኖች ከመላላታቸው በፊት አየሩ ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ግማሾቹ ተስፈንጥረው ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። ካላማዳሪው ታልክ ዱቄት ተነስንሶበት ይገባል። የጎማው ቀይ ነጥብ ከካላማዳሪው ምልክት ጋር፣ ምልክት ከሌለው ከቫልቩ ጋር ይገጥማል። ካላማዳሪው በግማሾቹ መካከል አለመቆንጠጡ ከተረጋገጠ በኋላ ብሎኖቹ ፋብሪካው በወሰነው ኃይል፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ይጠበቃሉ። ጎማው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ይነፋል፤ የታሸገው አየርና እጥፋት እንዲወጣም ተንፍሶ እንደገና ይነፋል። አዲስ ጎማ ስለሚለጠጥ ከ12 ሰዓት ቆይታ በኋላ ግፊቱ ዳግመኛ ይለካል።

ግፊት የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። የ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ ግፊቱን 1 በመቶ ያህል ስለሚለውጠው፣ በቆላ በቀትር 35 ዲግሪ ላይ የተነፋ ጎማ ማለዳ 20 ዲግሪ ሲሆን 5 በመቶ ያህል ይጎድላል። የጎደለ ጎማ በፍሬን ጊዜ በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ከጎማው እስከ ቸርኬው ድረስ አንድ የቀለም መስመር ይሰመር፤ አብራሪውም ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይመልከተው። መስመሩ ተሰብሮ ከታየ አውሮፕላኑ ጎማው ሳይፈተሽ መነሣት የለበትም።