ድምፅና ወንበር፦ የተሸነፈ ዕጩ የመረጠ ሰው ድምፁ የት ይገባል?

ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩት ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፣ እዚሁ ጎርጎራ። የመረጥኩት ዕጩ ግን አላለፈም። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንዱ ጓደኛዬ "ታዲያ ያንተ ድምፅ የት ገባ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

መልሱ ያለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። እንበል 100 ሰው መረጠ፤ ሦስቱ ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 አገኙ። 40 ያገኘው ይገባል። የ60 ሰው ምርጫ ግን ወንበር የለውም።

ይሄ ሕግ የሚጠቅመው ገዢ ፓርቲን ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1997 ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወስዷል። ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ ጠፍቶ ነው? አይደለም። በእኛ ክልል ደግሞ በዚያው ዓመት ከ294 የክልል ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 188፣ ቅንጅት 106 አገኙ። በ2002 ግን በመላ አገሪቱ ከነበሩት 1,904 የክልል ምክር ቤት ወንበሮች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። የዚያ ምርጫ ፍትሐዊነት ብዙ አከራክሯል፤ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ የወንበር አሰጣጡም ልዩነቱን ያሰፋዋል።

እስቲ ጣሊያንን እንይ። በየካቲት 2016 በሰርዲኒያ ክልል ምርጫ አሌሳንድራ ቶዴ 45.4 በመቶ፣ ተፎካካሪዋ ፓኦሎ ትሩዙ 45.0 በመቶ አገኙ። የእሷ ጥምረት ከ60 ወንበሮች 36ቱን ወሰደ። እዚያ ሕጉ ለአሸናፊ ጉርሻ ይሰጣል። ግን ለተቃዋሚዎቹም 24 ወንበር ቀረላቸው። መራጮቻቸው ምክር ቤት ውስጥ የሚናገርላቸው አላጡም።

በእርግጥ ድምፅን በወንበር ማመጣጠንም የራሱ ጣጣ አለው። ፓርቲዎች ይበዛሉ፣ መንግሥት ለመመሥረት ድርድሩ ይረዝማል፣ "የወረዳዬ ተወካይ እገሌ ነው" ማለትም ይከብዳል።

ቢሆንም ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ባሕር ዳር የሚሰበሰበው ምክር ቤት የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ይሰይማል፣ በጀት ያጸድቃል። የመንገዳችን፣ የጤና ጣቢያችን ገንዘብ የሚያልፈው በዚያ ነው። እዚያ ተወካይ የሌለው ሰው ወይ በሚቀጥለው ምርጫ ሰልፍ አይወጣም፣ ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሌላውን መንገድ ዋጋ አማራ ክልል ለሚኖር ሰው እኔ አልነግረውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ ውጤት ሲወጣ፣ የወንበሩን ቁጥር ብቻ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ስንት ሰው መረጣቸው? ለጓደኛዬም መልስ የማገኝለት ያኔ ነው።