ዲጂታል ሰዓት ከሙሉ ልብስ ጋር፦ የኦሃዮ አሻራና የአገር ቤት አቆጣጠር

ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት ያሰረ ሰው የሚያጠልቀው ሰዓት ስስ፣ ባለ ቆዳ ማሰሪያና ባለ ዘንግ ይሁን የሚለው ልማድ ዕድሜ ጠገብ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን መልክ የያዙ ዲጂታል ሰዓቶች ከኮት እጅጌ ሥር ብቅ ማለት ጀምረዋል። በአሜሪካዋ ኮለምበስ ከተማና በደቡብ በኩል በምታዋስናት ኦቤትስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ጉዳዩ ከአለባበስ ያልፋል። የዚህ ሰዓት ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተጻፈው እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ነውና።

ዲትሪክ ግሩን የተባለው ሰዓት ሠሪ እ.አ.አ. በ1876 ኩባንያውን ያቋቋመው በኮለምበስ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በ1972 የግሩንን ስም የያዘው «ቴሌታይም» የተባለ ሰዓት ለገበያ ቀረበ። ቁጥሮቹን የሚያሳየው የፈሳሽ ክሪስታል መስኮት የተሠራው ከኮለምበስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኬንት ከተማ፣ ጄምስ ፈርገሰን ባቋቋመው ኩባንያ ነው። የአሠራሩን የባለቤትነት መብት በተመለከተ ግን ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 ማብቂያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ማመልከቻ በማስገባት ቀድመውት ነበር።

አሠራሩ ረቂቅ ቢሆንም ለመረዳት አያስቸግርም። ፈሳሹ ክሪስታል በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ይቀመጣል። ሞለኪውሎቹ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረው የብርሃኑን አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ስለሚያዞሩ ብርሃኑ ያልፋል። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ጥምዝምዙ ይፈታል፤ ብርሃኑ ይታገዳል፤ ያ ቦታም ጥቁር ሆኖ ቁጥር ይሠራል። መስኮቱ የራሱን ብርሃን ስለማያመነጭ የሚፈጀው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት በ2,100 ዶላር የተሸጠው «ፐልሳር» ግን ቀይ ብርሃን የሚያመነጭ ባለ 18 ካራት የወርቅ ሰዓት ነበር። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ ቁጥሩ የሚታየው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው፤ ሰዓት ለማየት ሁለቱም እጆች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ተዋናይ ሮጀር ሙር በ1973 በጄምስ ቦንድ ፊልም የፐልሳር ሰዓት አጥልቆ ታየ። ዲጂታል ሰዓት ሲወለድ የክብር ጌጥ ነበር፤ የርካሽ ዕቃ ስም ያተረፈው ዋጋው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያሽቆለቁል ነው።

ርካሽነቱ ግን ትክክለኛነቱን አልቀነሰውም። በውስጡ ያለው የኳርትዝ ቅንጣት በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል በትክክል አንድ ይሆናል። በ1989 የወጣው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው በወር ከ30 ሴኮንድ በላይ እንደማይዛነፍ፣ ባትሪውም 7 ዓመት ያህል እንደሚያገለግል አምራቹ ይገልጻል። ውፍረቱ 8.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 21 ግራም ብቻ በመሆኑ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር በቀላሉ ይገባል። ከሙሉ ልብስ ጋር ይበልጥ የሚስማሙት ግን የብርማ ወይም የወርቅማ ቀለም ያላቸው ባለ ብረት ማሰሪያዎቹ ናቸው፤ ከቀበቶ ዘለበትና ከቀለበት ጋር መልክ ይገጥማሉ።

ለኢትዮጵያዊው ሌላም ነገር አለ። በባለ ዘንግ ሰዓት ላይ አጭሩ ዘንግ ከሚያመለክተው ቁጥር ትይዩ ያለውን በማንበብ የፈረንጁን ሰዓት ወደ አገር ቤት አቆጣጠር መመለስ ይቻላል። ዲጂታሉ ትይዩ ቁጥር የለውም፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተደርጎ መሞላት አለበት። እንዲህ ሲሞላ ቀኑን የሚያመለክተው ቁጥር የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ልክ ሲነጋጋ፣ በ12 ሰዓት ነው።

ኮለምበስ ሆኖ ወላጆቹ ጋር አዲስ አበባ ለሚደውል ሰው ደግሞ ስሌቱ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ በሰዓቱ ላይ በሚያየው ቁጥር አንድ፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ ሁለት ይደምራል። በጁላይ በኮለምበስ የጠዋቱ 8፡00 ሲል አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል፤ በጃንዋሪ ደግሞ 10። የሚለያየው ሌሊትና ቀኑ ነው፦ በጁላይ ከሥራ ወጥቶ ከምሽቱ 6፡00 ላይ ስልክ የሚያነሣ ሰው አዲስ አበባን የሚያገኛት ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ነው።