ውሻን የሚያሳብደው ፀሐይ አይደለም

መጋቢት ገብቶ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል በየሰፈሩ አንድ ወሬ አይጠፋም፦ «የእነ እገሌ ውሻ በፀሐይ አበደ።» አንዳንዱ ጥማት ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ ረኃብ። ስለ ቤት እንስሳትና ስለ ሙቀት ከሚባሉት የተሳሳቱ ነገሮች ሁሉ መዘዙ የከፋው ይኸኛው ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይኖራል፣ በንክሻ ይተላለፋል፣ ከዚያም ነርቭን ተከትሎ አንጎል ድረስ ይሄዳል። ቫይረሱ የሌለበት ውሻ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ታስሮ ቢውል ሊሞት ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን አይይዘውም። ምክንያቱ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ባሌ ተራሮች ላይ በሽታው ስሙም ባልተሰማ ነበር። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነ ሜዳ ነው። በዚያ ብርዳም አገር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ያስያዟቸውም ያልተከተቡ የመንደርና የእረኛ ውሾች ናቸው።

ስህተቱ የሚያስከፍለው በሁለት በኩል ነው። ሙቀት የመታው ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ እየተንገዳገደ ግድግዳ ይመታል። ሰፈርተኛው «አብዷል!» ብሎ ድንጋይ ያነሳል፤ አንድ ባሊ ውኃ ሊያተርፈው ይችል የነበረ ውሻ በዱላ ያልቃል። በሌላ በኩል ደግሞ በሽታው በእርግጥ የያዘውን ውሻ «ፀሐይ መትቶት ነው፣ አይዞህ» እያለ የሚጠጋ ደግ ሰው አለ። ይኼኛው ስህተት የሚገድለው ሰውን ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ፈውስ የለውምና።

ለይቶ ለማወቅ የሚረዳው የኋላ ታሪኩ ነው። ሙቀት የሚመታው በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ውሻው ሲሮጥ ወይም ፀሐይ ላይ ሲቆይ ታይቷል፣ ያለ ማቋረጥ ያለከልካል፣ ገላው ይፋጃል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በቀናት የሚለወጥ ጠባይ ነው፦ ድምፁ ይሻክራል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ሳይነኩት ይናከሳል፣ ወይም ጥግ ይዞ ዝም ይላል። የራስዎ ያልሆነን፣ ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ውሻ ግን ለመለየት ብለው አይጠጉት። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ክትባት ወደሚሰጥ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የቤት ውሻን የሚጠብቀው በየጊዜው የሚታደስ ክትባት እንጂ ጥላ አይደለም።

ጥላው ለሌላ ነገር ያስፈልጋል። «አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አላት?» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነት ነው፣ ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ ስታልፍ አዲስ አበባ በሞቃት ወሯ 25 ዲግሪ አካባቢ ናት። ነገር ግን ውሻው የሚኖረው የአየር ትንበያው ውስጥ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን እንየው። የውሻው ቤት ከግንባታ በተረፈ ቆርቆሮ የተመታ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው እጅ አያስነካም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዘበኛው ውሻውን ከአጥሩ ጥላ ሥር በአጭር ሰንሰለት አሰረው። 6 ሰዓት ላይ ጥላው ሄዷል፣ ውሻው ግን እዚያው ነው። ውኃ የተደረገለት ከታች በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነበር፤ ሰንሰለቱ ጠልፎ ከደፋው ቆይቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን የግቢው ባለቤት «ጥላ ሥር ነው የታሰረው፣ ውኃም አለው» ብሎ ሥራው ላይ ነው። አልዋሸም፤ ያየው የጠዋቱን ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ ሣር ወይም ጆንያ መደረብ፣ ቤቱን በድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጎ በሁለት በኩል ነፋስ እንዲያልፍበት መክፈት፣ የሲሚንቶ ወይም ሌላ የማይገለበጥ ከባድ የውኃ ዕቃ ማስቀመጥ። የግድ የሚታሰር ከሆነም በሁለት ምሰሶ መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት ቢደረግ፣ ውሻው ራሱ ጥላውን ተከትሎ ይሄዳል።

መኪናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው በ22 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል፤ የጭማሪው 80 በመቶ የሚመጣውም በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። ውጭው 22 ዲግሪ ነው እንበል፤ አዲስ አበባ ላይ ደስ የሚል ቀን የምንለው። ውስጡ 44 ገባ ማለት ነው። «መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌለታለሁ» ማለትም አይረዳም፤ ጥናቱ ያንንም ሞክሮ ያገኘው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ውሻ እንደ ሰው በላቡ አይቀዘቅዝም። ላብ የሚወጣው በእግሩ መዳፍ ሥር ነው፣ እሱም ጥቂት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ማለክለኩ ነው። ስለዚህ ለደረቀ ውሻ ቬንትሌተር መክፈት ለእኛ የሚሰጠውን ያህል ፋታ አይሰጠውም፤ መጀመሪያ ጸጉሩን ማርጠብ ያስፈልጋል። አየሩ ራሱ እርጥበት ካዘለ ደግሞ ማለክለኩም ይደክማል። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ውሻ ይዘው የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ቴርሞሜትሩን ብቻ አይተው መውጣት የለባቸውም። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ ዝርያዎች ማለክለኩ ስለሚያስቸግራቸው ከሁሉ ቀድመው ይወድቃሉ።

«መሮጥ ለምዷል፣ ምንም አይሆንም» የሚል ባለ ውሻም አለ። እንግሊዝ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሞችን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት፣ ሙቀት ከመታቸው ውሾች ሦስት አራተኛው ያህል የተመቱት በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ እንደሆነ አሳይቷል፤ መኪና ውስጥ የተመቱት 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያውጡት። ኮብልስቶኑ ላይ የእጅዎን ጀርባ ለአምስት ሰከንድ ማሳረፍ ካቃተዎት ለእሱም መዳፍ አይሆንም።

ጀርመን ሸፐርድን «ይቅለለው» ብሎ መላጨትም ተለምዷል። ላይኛው ጸጉር ፀሐይ የሚመክት ነው፤ ሲላጭ ቆዳው ይቃጠላል፣ በተለይ እንደ እኛ ከፍ ባለ አገር ጨረሩ ይበረታል። የረገፈውን የውስጥ ጸጉር በማበጠሪያ ማውጣት ይበቃል።

ሙቀት ስለመታው ውሻ «ቀዝቃዛ ውኃ አይፍሰስበት፣ ልቡ ቀጥ ይላል» የሚለው ምክር ደግሞ ሕይወት አጥፍቷል። አሁን ሐኪሞች የሚሉት፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። ወደ ጥላ ይውሰዱት፣ የቧንቧ ውኃ በጎማ እያፈሰሱ መላ ገላውን ያርጥቡት፣ ንፋስ እንዲያገኘው ያድርጉ፤ አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው ሐኪም ይጥራ። እርጥብ ፎጣ ደርቦ መተው ግን ሙቀቱን መልሶ ያፍናል። ራሱን ካወቀ ይጠጣ፣ ካላወቀ ጉሮሮው ውስጥ አይንቆርቆርበት።

ድመቶች ሙቀት ይችላሉ፤ የዘር ሐረጋቸው ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የዱር ድመት ነው፣ ጸጉራቸውንም እየላሱ ይቀዘቅዛሉ። በዚህ ምክንያት ሰው ይዘናጋል። እንደ ውሻ አፏን ከፍታ የምታለከልክ ድመት ግን ዕረፍት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት። ጆሮዋ ነጭ ከሆነ ደግሞ የዓመታት ፀሐይ ጫፉ ላይ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል፣ የማይድን ቁስል ካዩ አይጠብቁ። «ትኩሳት ይዟታል» ብለው ፓራሲታሞል እንዳይሰጧት፤ አንዲት ፍሬ ድመትን ትገድላለች።