«አለ» እና «ጄዼ»

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ይፈራረቁባታል። አንዷ እናት ልጇን «ዝም በል» ስትል ጎረቤቷ «ጨል ጄዺ» ትላለች። ለሹፌሩ «ቀስ በል» የሚለውም «ሱታ ጄዺ» የሚለውም ተሳፋሪ አለ። ከፍ አለ በኦሮምኛ ኦል ጄዼ ነው፤ ዝቅ አለ ገድ ጄዼ፤ እትፍ አለ ደግሞ ቱፍ ጄዼ።

ልብ ብለን ካየነው ነገሩ ያስደንቃል። ጄዼ ማለት አለ፣ ተናገረ ማለት ነው። ዝም ያለ ሰው ግን ምን ተናገረ? ምንም። ግሱ ከንግግር ወጥቶ የድምፅን፣ የእንቅስቃሴንና የሁኔታን ቃል ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። አማርኛ ይህን አርቅቆታል፦ «ስብር አለ» በአንድ ጊዜ የደረሰ ስብራት ነው፤ «ሰበር አለ» ግን ጥቂት ብቻ። «ሊወድቅ ሲል ያዝኩት» ውስጥ ለመውደቅ መቃረብን፣ «ለልጆቿ ስትል» ውስጥ ምክንያትን የሚነግረን ያው ግስ ነው። አድራጊ ሲመጣ ሁለቱም ቋንቋዎች ግሱን እኩል ይለውጣሉ፤ አማርኛ «ከፍ አደረገ» ሲል ኦሮምኛ «ኦል ጎዼ» ይላል። በሁሉም ቦታ ግን አይገጥሙም፤ አማርኛ «ደስ አለው» የሚለውን ኦሮምኛ «ገመዴ» ብሎ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል።

«አለ» የሚለው ቃል አካሉ የግእዝ «ብህለ» ዘመድ ነው። ትግርኛ ብ‑ን ጠብቆ «በለ» ይላል፤ ዝም አለ በትግርኛ «ስቕ በለ» ነው። የአማርኛው «አለ» ብ‑ን ቢጥልም «ብሎ»፣ «በል»፣ «ተባለ» ውስጥ አሁንም ትሰማለች።

የአነጋገሩ ስልት ግን ሌላ ታሪክ አለው። በግእዝ ይህን ያህል አልተስፋፋም፤ ኦሮምኛን ጨምሮ በኩሽ ቋንቋዎች፣ ከአፋርኛ እስከ ሲዳምኛ፣ የተለመደ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ዘር ሳይለያቸው የሚጋሯቸውን ባሕርያት ሲዘረዝር ይህንንም ቆጥሮታል። ብዙ አጥኚዎች አማርኛ ከኩሽ ተናጋሪዎች ጋር አብሮ በመኖር እንደወሰደው ያስረዳሉ፤ እኔም የሚያሳምነኝ ይኸው ነው። ቃሉ ሴማዊ፣ አሠራሩ ኩሻዊ ሆኖ ያደገ ግስ፣ ሁለቱን ወገኖች ስለሚያገናኛቸው ኑሮ ከማንኛውም ሰነድ ያላነሰ ምስክር ነው።

የከሚሴ፣ የባቲና የሰንበቴ መምህራን ሆይ፣ ልጆችን ሰዋስው ስታስተምሩ እነዚህን የአማርኛና የኦሮምኛ ጥንዶች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። ልጆቹ ሁለቱንም ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል።