ፍጥነትን ስንለካ በእርግጥ የምንለካው ምንድን ነው?

የሚሽከረከር አካል የሌላቸውንና መረጃን በፍላሽ ቺፕ የሚያከማቹትን ኤስኤስዲዎች አራት ወስደን፣ በሬይድ 0 አጣመርናቸው እንበል። በዚህ ስልት መረጃው ተከፋፍሎ በአራቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጻፋል። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የንባብ ፍጥነታቸውን ብንለካና በሰከንድ 6,000 ሜጋባይት ብናገኝ፣ ልንደሰት ይገባናልን?

አስቀድመን እናስላ። ሳታ 3 የተሰኘው ማገናኛ በሰከንድ 6 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ለ8 ቢት መረጃ 10 ቢት ስለሚልክ፣ የሚደርሰን ቢበዛ 600 ሜጋባይት ነው። የአራቱ ድምር ከ2,400 ሊበልጥ አይችልም። እንግዲያው 6,000 ከዲስኮቹ የመጣ ቁጥር አይደለም።

ምስጢሩ ሊኑክስ አንድ ጊዜ ያነበበውን ፋይል በራም ውስጥ ማቆየቱ ነው። ፋይሉ ዳግም ሲጠየቅ ከራሙ ይቀርባል፤ እኛም ሳናውቀው የራሙን ፍጥነት ለካን ማለት ነው። ጄንስ አክስቦ የደረሰው ፊዮ የተባለ ፕሮግራም ግን ራሙን አልፎ ዲስኩን በቀጥታ እንዲያነብ ሊታዘዝ ይችላል።

በጽሕፈት ረገድ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ፍላሽ የተጻፈበት ቦታ ካልተደመሰሰ እንደገና አይጻፍበትም፤ የሚደመሰሰውም በትላልቅ ክፍሎች ነው። ስለዚህ ባዶ የሆነ አዲስ ኤስኤስዲ ይፈጥናል፤ ሲሞላ ግን ነባሩን መረጃ እያዛወረ ቦታ ማጽዳት ስለሚኖርበት ይዘገያል። ቴርሞሜትር ከውኃው ጋር የሙቀት ሚዛን እስኪጠብቅ እንደምንታገሥ ሁሉ፣ እዚህም ዲስኩን ሞልተን ፍጥነቱ እስኪረጋ መጠበቅ ይገባናል።

ትክክለኛው ፍጥነት ቢታወቅም ምርጫው ገና አላለቀም። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ስለ ሬይድ የጻፉትን ጥናት በ1988 እ.ኤ.አ. ሲያቀርቡ፣ ዋነኛ ጉዳያቸው አንድ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ማድረግም ነበር። በሬይድ 0 አንዱ ዲስክ ሲበላሽ የአራቱም መረጃ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሬይድ 5 የአንድን ዲስክ ብልሽት ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን አንዲት ትንሽ ጽሕፈት በአብዛኛው ሁለት ንባብና ሁለት ጽሕፈት መጠየቋ ነው። የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር በፍጥነት ቁጥር ብቻ የሚመርጥ ሰው፣ የብዙዎችን የዓመታት ድካም ለአደጋ ያጋልጣል።

አንባቢያን ሆይ፣ ሊኑክስ ያለው ኮምፒውተር ብታገኙ እንደተነሣ አንድ ትልቅ ፋይል ሁለት ጊዜ አስነብቡትና ሰዓቱን መዝግቡ። ሁለተኛው ንባብ እጅግ ቢፈጥን፣ ዲስኩ እንዳልተሻሻለ አሁን ታውቃላችሁ።