ባሮን የቀዘፈው መንኮራኩር

በጭልሞ ደንና በአካባቢው ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ መንገዱ አንድ አይደለም። በጽዱና በዝግባው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ለአዋሽ መነሻ ከሚሆኑት ውስጥ ናቸው፤ አዋሽም ወደ ምሥራቅ ሄዶ ሄዶ፣ ባሕር ሳያይ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከዚያው አገር የደንዲ ሐይቅ ውኃ ግን ፊቱን አዙሮ በሁሉቃ ወንዝ አምቦ ከተማን አቋርጦ ጉደር ይገባል። ጉደር ዓባይን፣ ዓባይም ካርቱምን ይይዛል።

ከመቶ ዓመት በፊት የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ነጋዴም ከፊቱ የነበሩት አቅጣጫዎች እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። አንደኛው በነቀምት፣ በአምቦና በጊንጪ አድርጎ በበቅሎ አዲስ አበባ መግባት፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ መውረድ ነው። ሁለተኛው ጀርባን ለመሐል አገር ሰጥቶ ወደ ቆላው መውረድ፣ ጋምቤላ ላይ ጭነቱን ለእንፋሎት መርከብ ማስረከብ ነው። የምሥራቁን ባቡር የማያውቅ የለም። በምዕራብ በኩል፣ በጋምቤላው በባሮ ወንዝ ላይ፣ ጭስ እየተፋ የሚመጣ ባለ መንኮራኩር መርከብ እንደነበረ ግን ስንቱ ያውቃል?

የእንፋሎት መርከብና የእንፋሎት ባቡር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ውስጥ እሳት አለ፣ ከእሳቱ በላይ ውኃ የሚፈላበት ቦይለር አለ፣ ታፍኖ መውጫ ያጣው እንፋሎትም በሲሊንደር ውስጥ ፒስተን እየገፋ ይመላለሳል። የፒስተኑ ወዲያ ወዲህ ማለት በክራንክ አማካይነት ወደ መሽከርከር ይለወጣል። ባቡሩ ሽክርክሪቱን ለሐዲድ ጎማው ይሰጠዋል፤ መርከቡ ደግሞ ዙሪያውን የእንጨት ወይም የብረት መቅዘፊያ ለተደረደረበት ትልቅ መንኮራኩር። መንኮራኩሩ ሁለንተናው ውኃ ውስጥ አይገባም። የታችኛው ጠርዝ ብቻ እየተነከረ ውኃውን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ የቀረው አካሉ በአየር ላይ ዞሮ ይመለሳል።

ጥበቡ ያለው መቅዘፊያዎቹ ላይ ነው። መቅዘፊያው ከመንኮራኩሩ ጋር ደርቆ ከተያያዘ፣ ሲገባ ውኃውን በጥፊ ይመታል፣ ሲወጣ ደግሞ ውኃ ቀድቶ ሽቅብ ያነሣል፤ ሁለቱም የጉልበት ብክነት ነው። ስለዚህ በደህና የተሠሩት መንኮራኩሮች መቅዘፊያቸው በማጠፊያ ላይ የተቀመጠ ነው። ከመንኮራኩሩ እምብርት ትንሽ ፈንጠር ብሎ ከተተከለ ማዕከል የሚነሡ ዘንጎች እያንዳንዱን መቅዘፊያ ይዘው ይቆጣጠሩታል፤ በዚህም መቅዘፊያው ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

እንግዲህ ከጀርባ ተቀምጦ በውኃ ውስጥ እንደ ቡሎን የሚሾረው የዛሬው ፕሮፔለር እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ማለት ይቻላል። ፕሮፔለር ሁለንተናው መጥለቅ አለበት፣ ስለዚህ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ሣርና ሥራሥርም ይጠመጠምበታል። መንኮራኩር ግን ክንድ በማይሞላ ውኃ ላይም ይሠራል። በሰፊ ሐይቅ ላይ ሁለት መንኮራኩሮች ግራና ቀኝ ይገጠማሉ። ወንዝ ሲጠብ ግን የጎኑ መንኮራኩር ከዳርቻና ከዛፍ ጋር ይጋጫል፤ በላይኛው የናይል ገባሮች ላይ ይሠሩ የነበሩት መርከቦች አንዱን ሰፊ መንኮራኩር ከኋላ ማድረጋቸው ለዚህ ነው። ሆዳቸው ዝርግ ነበር። ጭነቱን የሚሸከሙት በአብዛኛው በጎናቸው የሚታሰሩት ተጎታች ጀልባዎች ሲሆኑ፣ የሚያነዱትም ከወንዙ ዳር የሚቆረጥ እንጨት ነበር።

ባሮ ለዚህ ዓይነት መርከብ የተመቸበት ምክንያት ካርታ ላይ ከፍታውን ላየ ሰው ግልጽ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትርን ትንሽ አለፍ ብላ ትገኛለች፤ ካርቱም 380 ሜትር አካባቢ ናት። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፣ ሶባት ማላካል አካባቢ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ የውኃ መንገድ በሙሉ ቁልቁለቱ ወደ 150 ሜትር ገደማ ነው። የእኛው ዓባይ ግን ከጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ተፈጥፍጦ፣ ገደል ለገደል ሱዳን ይገባል። በዚያ ላይ ማን ጀልባ ያሳልፋል? ደጋውን ከዓለም የለየው ገደል ወንዞቻችንንም ለመርከብ አስቸጋሪ አድርጓቸዋል፤ ባሮ ብቻ ቆላው ላይ ሲደርስ ይረጋጋል።

ይህን እንግሊዞች አስተውለውታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሌን ሃሪንግተን የፈረሙት የድንበር ውል በሦስተኛው አንቀጹ የታወቀ ነው፤ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ ስለማገድ የሚናገረው፣ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው እሱ ነው። አራተኛውን የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው። አራተኛው አንቀጽ ባሮ ዳር ኢታንግ አካባቢ፣ ወንዙን ተከትሎ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅዳል፤ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ይጸናል ይላል። ኋላ ቦታው ከኢታንግ ወደ ላይ ተገፍቶ ጋምቤላ ሆነ።

በዚህ ዓይነት፣ ባሕር ከሌለበት ከዚያ ቆላ ውስጥ፣ ወደብ ተቆረቆረ። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች መጋዘን ሠሩ። ቡና ወጣ፤ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ አብረውት ወጡ። ጨውና የጥጥ ጨርቅ ገባ። ስለዚህ ንግድ በስፋት ያጠኑት የታሪክ ባለሙያው ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት የምዕራቡን ድንበርና የሱዳንን ግንኙነት የሚመለከት ነበር።

ወደቡ ግን የክረምት ወደብ ነበር። መርከቡ ጋምቤላ የሚደርሰው የደጋው ዝናብ ባሮን ሲሞላው፣ ከሰኔና ሐምሌ እስከ ጥቅምት ነበር። የቀረውን ጊዜ ወንዙ ይጎድላል፣ አሸዋው ይወጣል። ይህ ለነጋዴው ሌላ ፈተና ነበር። በእኛ አገር ክረምት ማለት መንገድ የሚዘጋበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ ሲራራ ነጋዴ አርፎ ቤቱ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው፤ ጋምቤላ ግን መርከቡ የሚመጣው ልክ በዚያ ወቅት ነበር። ስለዚህ ቡናው በበጋው መንገድ በጎሬና በሳዮ በኩል፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ቁልቁል ወርዶ፣ መጋዘን ውስጥ ሆኖ ውኃውን ይጠብቅ ነበር። የአካባቢው አኝዋክ ደግሞ በዚያው ወንዝ ላይ ከግንድ በተፈለፈለ ጀልባ በክረምትም በበጋም ይሻገራል። የእንጨት ጣቢያም ሆነ ቦይለር የማይፈልግ ነገር ሁልጊዜ አንድ ብልጫ አለው።

የጋምቤላን ንግድ የቀማው የተሻለ መርከብ ሳይሆን ሐዲድና መኪና ነው። ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው የባቡር ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በከፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ። ኢልግ የተወለደበት የቱርጋው ግዛት ኮንስታንስ በተባለው ትልቅ ሐይቅ ዳር ያለ የስዊዘርላንድ ክፍል ነው፤ ውኃና ሐዲድ የሚገናኙበትን አገር ያውቃል። ሆኖም ሦስተኛው መስመር ወረቀት ላይ ቀረ፣ ሐዲዱም ሐረር ከተማን ትቶ በድሬዳዋ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የቀረውን የሠራው መኪና ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን በአምቦ አድርጎ ወደ ነቀምት መንገድ ዘረጋ፤ ከዚያ ወዲያ የወለጋ ቡና በበጋም በክረምትም፣ መጋዘን ሳይጠብቅ፣ በጊንጪ በኩል ወደ ምሥራቅ መጓዝ ቻለ። ጋምቤላ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ወንዙን የባሰ ዘጋው።

ለነገሩ መንገድና ባቡር ሲመጣ የውኃው ጉዞ ይሞታል ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጄኔቫ ከተማ ያለችበት፣ ፈረንሳዮች ሌማን የሚሉት ሐይቅ ዙሪያውን ባቡርና አስፋልት ከብቦታል። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ባሰሙባት በዚያች ከተማ ዳር፣ ያኔ የነበሩት ባለ መንኮራኩር መርከቦች ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1873 የተቋቋመው የሐይቁ የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1927 የተሠሩ ስምንት ባለ መንኮራኩር መርከቦች አሉት፤ አምስቱ በእንፋሎት፣ ሦስቱ በናፍጣና በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። ትልቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተሠራችው «ላ ስዊስ»፣ 78 ሜትር ትረዝማለች። በእንፋሎቶቹ ላይ የተሳፈረ ሰው በወለሉ መሐል በተተወው ክፍት ቦታ ቁልቁል አይቶ የፒስተኑን ምልልስና የክራንኩን ዙር ይመለከታል፤ ልጆች ከዚያ አይነቀሉም።

እነዚህን ያዳናቸው ቸኩሎ የማይሄድ መንገደኛ ነው። የባሮው መርከብ ቡና ለማድረስ ብቻ የኖረ ነበር፤ ቡና ደግሞ ወንዝ አያማርጥም፣ በርካሽ ያደረሰውን ይከተላል። የሌማኑ ግን ከመጀመሪያው ተራራውን ሊያይ የመጣ ሰው ይጭን ነበር፣ ተራራውም አልተነቃነቀም። በሽርሽር ብቻ ቆሙ ማለት ግን አጉል ነው። ያው ኩባንያ ከፈረንሳይዋ ኤቪያን ወደ ሎዛን ጠዋት ማታ ሠራተኛ ያመላልሳል፤ ለነዚያ ሰዎች ጀልባ ታክሲ ነው።

በእኛ ሐይቆች ላይ ሽርሽረኛውና የዕለት ተመላላሹ ገና በአንድ መርከብ አልተገናኙም። ጣና ከሌማን በስፋት አምስት እጥፍ ቢበልጥም፣ የሌማን ጥልቀት 310 ሜትር ሲደርስ የጣና 14 ሜትር ገደማ ነው። የደንገል ታንኳ ለዘመናት የበቃው ለዚህም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊያቋርጥ «ራ» የተባለችውን ጀልባውን ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በጣሊያን ዘመን መጡ፤ ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ እያለ ጎርጎራ የሚደርሰው ጉዞም ለብዙ ዓመታት እህል፣ ዶሮና ባለ ጉዳይ ሲያመላልስ ኖረ። በቅርቡ ደግሞ 38 ሜትር የምትረዝመው «ጣናነሽ 2» ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ ስንቱን ተራራና ድልድይ አልፋ ወደ ጣና ተጓዘች። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1913 የሠሯትና ዛሬ «ሊምባ» የምትባለው የታንጋኒካ ሐይቅ መርከብ ግን ወደ አፍሪካ የሄደችው በ5,000 ሣጥን ተበታትና ነው። ጣናነሽን በደሴቶቹ ላይ የሚኖረው ሰው ሐሙስ ለገበያ ይሳፈርባት ይሆን ወይስ የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ብቻ ነው የሚያያት? የቲኬቱ ዋጋና የጉዞው ቀን ይወስነዋል።

ወደ ተነሣንበት አካባቢ ስንመለስ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የወንጪ ሐይቅ እንደ ጎርጎራ ሁሉ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ውስጥ ተካትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። እዚያ ትልቅ መርከብ የለም፣ ቢኖርም መዞሪያ አያገኝም። በሐይቁ ላይ ያለችው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለባት፤ ካህኑም፣ ለንግሥ የሚመጣውም ምእመን፣ ካሜራ ያንጠለጠለውም ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ወደዚያ የሚሻገሩት በጀልባ ነው። ለጥር 15 ንግሥ ለመሄድ ያሰበ ሰው ማልዶ ሐይቁ ዳር ቢገኝ ይሻለዋል፤ ቀኑ ሲረፍድ ወረፋው ይረዝማል።